ከሰባት ስድስት

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ የልጅ ልጅ ሲፈን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን በር ላይ ጣለች። ጫማዋን ሳታወልቅ ገብታም አልጋዬ ጫፍ ላይ ዘጭ አለች። ጭቃ እንዳይነካብኝ የምሳሳለት ነጭ አልጋ ልብስ ነው፤ ፊቷን ሳይ ግን ዝም አልሁ።

«ተበለጥኩ» አለችኝ። «የ‹ለ› ክፍሏ ልጅ ሃያ አመጣች። እኔ አሥራ ሰባት።»

«ከስንት?»

«እንዴ አያቴ! ሃያ አመጣች እያልኩሽ!»

«ሰምቻለሁ። ከስንት ነው ያመጣችው? አንቺስ ከስንት?»

ቆም ብላ አሰበች። የእሷ ፈተና ከሃያ ነው፤ የ«ለ» ክፍሎቹ ከሃያ አምስት ኖሯል። ወረቀት አምጪ አልኋት። የእሷን አሥራ ሰባት በአምስት፣ የዚያችን ሃያ በአራት አባዛንና ሁለቱንም ከመቶ አደረግናቸው። ሰማንያ አምስትና ሰማንያ። ሲፈን ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ ጀርባውን አየችው፣ ሌላ ነገር የተደበቀ ይመስል።

«ታዲያ መምህሯ ለምን ለእሷ አስጨበጨበች?»

ጎደሬ ቀቅዬላት ስለነበር ላቀርብላት ተነሣሁ። መልስ አጥቼ ግን አይደለም። ይህንኑ ጥያቄ እኔ ራሴ እዚሁ መቱ፣ በንጉሡ ዘመን፣ ዝናብ እየወረደብኝ ስለጠየቅሁት ነው።

ያን ጊዜ ጣሊያን ከወጣ ዓመታት አልፈው ነበር። መቱ መኪና ሲመጣ ልጅ አዋቂው በር ላይ ወጥቶ የሚያይባት ከተማ ነበረች። እኔ የኖፓ ልጅ ነኝ። በልጅነቴ ወደ ዳሪሙ ተዳርሁ፤ ልጅ ሳልወልድ ተመለስሁና ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ለማ ቤት ተጠጋሁ። ቡና ስለቅም፣ ቡና ሳሰጣ፣ የእሱን ልጆች ሳዝል ዓመታት ሄዱ። በኋላ አክስቴ እትዬ ጫልቱ፣ የያዮን ማር እየገዛች መቱ የምትቸረችር ባል የሞተባት ሴት፣ «እኔ ዘንድ ትቀመጥና ትማር» ብላ ወሰደችኝ። ቤቷ ማር ማር ይሸታል፤ ደብተሬ እንኳን ጫፍ ጫፉ ይጣበቅ ነበር።

አራተኛ ክፍል ስደርስ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖኛል። አጠገቤ የሚቀመጡት ልጆች እግራቸው መሬት አይደርስም። «እትዬ አስካለ፣ ላጲስሽን አውሺኝ» ይሉኛል። እኔም አውሳለሁ። አንዱ ደፋር ደግሞ «እትዬ፣ ያንቺ ልጅ ስንተኛ ክፍል ነው?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ሞልቶታል። ግርማ የሚባል ከሁሉም የሚያንስ ልጅ ነበር፤ ጎበዝ። ሸምሱም ነበር፣ የሱቅ ባለቤት ልጅ፤ እሱም ጎበዝ። ዓመቱን ሙሉ የተፎካከርሁት ከእነዚህ ሁለት ሕፃናት ጋር ነው፤ አላፈርሁበትም።

የሒሳብ መምህራችን ጋሼ ታደለ ከጎሬ የመጣ ወጣት ነበር። ክፍልፋይ ያስተማረን እሱ ነው። በእኛ አገር ክፍልፋይን ከትምህርት ቤት ቀድሞ የሚያውቀው ጭሰኛው ነበር። ሲሶ ከእርቦ እንደሚበልጥ ማንም ለገበሬ አይነግረውም፤ ከጎተራው ሲወሰድበት ያየዋል። ሰባተኛና ስምንተኛ ሲመጣ ግን ጎተራም አይረዳ። ጋሼ ታደለ እንዲህ ይለን ነበር፦ «አንዱ ኦሮምኛ ብቻ፣ አንዱ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሁለት ሰዎች ተገናኙ እንበል። ማን ትክክል እንደተናገረ በምን ትፈርዳላችሁ? አስተርጓሚ ያስፈልጋል። የጋራ ታህት ማለት አስተርጓሚ ነው።» ይህን ሲል የመቱ ልጆች ሁላችንም ገባን፤ ቤታችን በሁለቱም የሚወራበት ነውና።

አሁን ችግሩን ልናገር። በዚያ ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል አንደኛ የወጣ ተማሪ አምስተኛን ዘሎ ስድስተኛ ይገባል። ደብል መምታት እንለው ነበር። ሁለተኛ የወጣ አይዘልም። ጋሼ ለማ ደግሞ በጥቅምት መጥቶ የነገረኝ ቁርጥ ነገር ነበር።

«ዘንድሮ ደብል ከመታሽ እታገሣለሁ። ካልመታሽ ግን ቤትሽ ኖፓ ነው። ሚስቴ ብቻዋን አልቻለችም፣ ቡናውም ሰው ይፈልጋል።»

ክፉ ሰው አልነበረም። በእሱ ቤት እኔ የምሠራውን የሚሠራ ሰው መቅጠር እንደሚያስፈልግ ግን አሳምሮ ያውቅ ነበር።

እያንዳንዱ ትምህርት ከአሥር ይታረማል። ወንዶቹ ስምንት ትምህርት አላቸው፤ ስምንተኛው እርሻ ነው። ሴቶች በእርሻ ፈንታ የእጅ ሥራ እንማር ነበር። የእጅ ሥራ የምታስተምረን ሴት ባሏ ወደ ጎሬ ሲዛወር አብራው ሄደች፤ ሌላ አልመጣም። አብራኝ የነበረችው አንዲት ልጅም ትምህርቷን አቋረጠችና የክፍሉ ሴት እኔ ብቻ ቀረሁ። እርሻ አላስገቡኝም፣ የእጅ ሥራ አላስተማሩኝም። የእኔ ሰባት ትምህርት ሆነ።

በሰኔ መጨረሻ ውጤት ተለጠፈ። ግርማ ስልሳ አምስት፣ አንደኛ። ሸምሱ ስልሳ፣ አስካለ ስልሳ፣ እኩል ሁለተኛ።

ወረቀቱ ፊት ቆሜ ልብሴ በዝናብ እስኪርስ አነበብሁት። ከዚያ ጋሼ ታደለ ዘንድ ሄድሁ።

«ጋሼ፣ የግርማ ስልሳ አምስት ከስንት ነው?»

«ከሰማንያ።»

«የእኔስ ስልሳ?»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። «ገብቶኛል አስካለ። ልክ ነሽ። ደረጃ የሚወጣው ግን በድምር ነው፤ የምወስነው እኔ አይደለሁም።»

ዲሬክተሩ ዘንድ ገባሁ። ክረምት ከበጋ ጃንጥላ የማይለየው፣ ንግግሩ የተመጠነ ሰው ነበር። ሰምቶኝ ሲያበቃ ብዕሩን አስቀመጠና «ከሸምሱ እኩል ሁለተኛ መሆን አንሶሽ ነው?» አለኝ።

«አዎ፣ አንሶኝ ነው።»

«ስልሳ ከስልሳ አምስት ያንሳል። ይህ ክርክር የለበትም። ሂጂ።»

ሄድሁ። ነገሩን ግን ይዤው ሄድሁ።

ሐምሌ አምስት የሰኔ ጾም ተፈታ። ሰፈራችን እንደ ልማዱ ቅርጫ ገባ። አንድ ገበሬ አብረው ተጠምደው ያረጁ ጥንድ በሬዎች ሸጦ ነበር፤ በቁመትም በደንደስም የማይለዩ። ሁለቱም በአንድ ግቢ ታረዱ፤ አንዱን አንድ ወገን፣ ሌላውን ሌላ ወገን ተካፈለው። የእኛን ወገን ሥጋ የሚመድበው አቶ ደበላ ነበር፣ የግርማ አባት። ቅርጫ የሚያውቅ ያውቀዋል፦ ከሽንጡም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም ለሁሉም መደብ እኩል ይደርሳል። ከዚያ ዕጣ ይጣላል፤ የመደበው ሰው የሚያነሣው የመጨረሻውን ነው። እንዲህ ስለሆነ እጁ አያደላም።

ሴት ቅርጫ ላይ አትቆምም። እትዬ ጫልቱ ከአንድ ጎረቤት ጋር ግማሽ መደብ ነበራትና ሳፋ አስይዛ ላከችኝ። አጥሩ ሥር፣ ከኮባው የሚንጠባጠበው ውሃ ትከሻዬ ላይ እየወረደ፣ ተራዬን ጠበቅሁ። የኮባ ቅጠል ተነጥፎ መደቦቹ ተደርድረዋል፤ በወዲህ ስምንት፣ በወዲያ ሰባት። ዲሬክተሩም ጃንጥላውን ዘርግቶ ቆሟል። አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ ያያል።

«አቶ ደበላ፣ የወዲያኞቹ መደብ ከእኛ ይተልቃል እኮ።»

«ይተልቃል እንጂ ጌታዬ። እነሱ ለሰባት ነው የመደቡት፣ እኛ ለስምንት።»

«እኛ ለምን ለስምንት?»

«ስምንተኛው እርስዎ ነዎታ! ትናንት ማታ አይደል ‹እኔንም አስገቡኝ› ያሉት?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዲሬክተሩም ፈገግ አለ። «እንግዲህ በሰባት የተመደበ ትልቅ ነው፣ ምን ይደረጋል» አለ።

አፌ በራሱ ተከፈተ።

«ጌታዬ፣ የእኔም በሰባት ነበር የተመደበው።»

ሳቁ ቆመ። አንዱ «ማናት?» አለ። ሌላው «የጫልቱ ናት፣ ተማሪዋ» አለው። ዲሬክተሩ ወደ እኔ ዞረ። «ይህ የሥጋ ቦታ ነው» አለ።

«አውቃለሁ። አንዱን ትምህርት እንደ አንድ መደብ ይቁጠሩት። ግርማ ከስምንት መደብ ስድስት ተኩል ወሰደ። ሸምሱ ከስምንት ስድስት። እኔ ከሰባት ስድስት። እርስዎ ሥጋው ላይ የሰባቱ መደብ ትልቅ መሆኑን ከሩቅ አዩት፤ ትምህርት ቤት ግን ስድስትና ስድስት እኩል ነው አሉኝ።»

አንድ ሽማግሌ ከወዲያ ወገን «ስድስት ተኩል ከስድስት ይበልጣል እንጂ፣ ምን ትላለች!» አሉ። ሌላው «ከየትኛው በሬ እንደሆነ ስማ እንጂ!» አላቸው። ዕጣው ተረሳ። አቶ ደበላ ቢላዋውን እንደያዘ ቁጢጥ አለ።

«ቆይ፣ ቆይ። ልጄን አንሥተሻልና በደንብ አስረጂኝ። የትኛው እንደሚበልጥ በምን ይታወቃል?»

«ቁራጩን እኩል እናድርገው ጋሼ ደበላ። የእኛን እያንዳንዱን መደብ ለሰባት ይክተፉት። የእነሱን እያንዳንዱን መደብ ለስምንት። ሁለቱም በሬ ሃምሳ ስድስት ቁራጭ ይሆናል። በሬዎቹ እኩል ናቸው፣ ስለዚህ ቁራጩም እኩል ነው።»

ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አሰበ። መደቦቹን በቢላዋው ጫፍ ከላይ ከላይ አሳያቸው፣ ሳይነካቸው።

«ለልጄ ስንት ቁራጭ ደረሰው?»

«አርባ አምስት ተኩል።»

«ለነጋዴው ልጅስ?»

«አርባ ሁለት።»

«ላንቺስ?»

«አርባ ስምንት።»

ዝናቡ በረታ። አቶ ደበላ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ የግርማ ዓይን ነበር፤ ያው ጥርጣሬ፣ ያው ንቃት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስምንተኛውን ትምህርት አልተፈተንሽም። ተፈትነሽ ዜሮ ብታመጪስ ኖሮ?»

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነበር። ዛሬም ጥሩ ጥያቄ ነው እላለሁ። እሱ እስኪጠይቀኝ ድረስም ማንም የጠየቀኝ አልነበረም።

«አሥር ይሰጠኝ አላልኩም» አልሁት። «ዜሮ አይሰጠኝ ነው ያልኩት። ያላስተማሩኝን እንደ ወደቅሁበት አድርገው ቆጠሩብኝ።»

አቶ ደበላ ቢላዋውን በኮባው ቅጠል ጠረገ። «እኔ ዕድሜዬን ሥጋ ስመድብ ኖሬያለሁ» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለቆሙት። «መደብ ያልቆረጥሁለትን ሰው ድርሻህን ትተህ ሄድህ ብዬ ወቅሼ አላውቅም። ልጄን በልጣዋለች። በሉ ዕጣችሁን ጣሉ፣ ሥጋው ራሰ።»

ዲሬክተሩ ጃንጥላውን አጠፈ፤ ለምን በዝናብ መሐል እንዳጠፈው እሱም ያወቀው አልመሰለኝም። «ትምህርት ቤት ቄራ አይደለም» አለና ድርሻውን ሳይጠብቅ ሄደ። ዕጣውን አቶ ደበላ ጣለለት፤ መደቡንም እቤቱ ላከለት።

በዚያው ሳምንት ስሜ ተለወጠ። ሴቶቹ ማር ሊገዙ ሲመጡ «አርባ ስምንቷ አለች?» ይሉ ጀመር።

የወላጆች ቀን እሑድ ነበር። ጋሼ ለማ ከኖፓ በበቅሎ መጣ፤ ልብሴንና ምንጣፌን ሊጭን ገመድ ይዟል። ጠዋት ዲሬክተሩ አስጠራኝ። አንድ ሌሊት ሙሉ ያሰበበት ይመስላል።

«ነገሩ እንዲያልቅ አሥር የእርሻ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ከመለስሽ በስምንት ትምህርት ይታሰብልሻል።»

ጋሼ ለማ ከኋላዬ በክርኑ ነካ አደረገኝ። የቡና ችግኝ ስንት ጥላ እንደሚፈልግ፣ መቼ እንደሚነቀል፣ መቼ እንደሚተከል ከዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። አሥሩንም እመልሳቸው ነበር።

«ወንዶቹ የእጅ ሥራ ይፈተኑ» አልሁ። «ያን ጊዜ እኔም እርሻ እፈተናለሁ።»

«አብደሻል?» አለ ጋሼ ለማ፣ ድምፁን ሳይቀንስ።

ዲሬክተሩ በቀስታ ተነሣ። «እንግዲያው እንደ ተለጠፈው ይሁን።»

ስማችን ሲጠራ ግርማ ወጥቶ አንደኝነቱን ተቀበለ። «እኩል ሁለተኛ፣ ሸምሱና አስካለ» ተባለ። ሸምሱ ብቻውን ወጣ፤ የእሱንና የእኔን ሽልማት፣ ሁለት እርሳስ፣ ይዞ ግራ ገብቶት ቆመ። እኔ ከአግዳሚ ወንበሬ አልተንቀሳቀስሁም። ከወላጆች መሐል አንዱ «አርባ ስምንት!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ እስከ መንገዱ ተሰማ።

እትዬ ጫልቱ ልብሴን እያጣጠፈች አለቀሰች። «ማሎ ኢንተላ ኮ፣ እባክሽ ልጄ፣ ምን ነበረበት ብትመልሺለት?»

ብመልስለት ኖሮ የእኔ ስድስት ከሰባት ጎዶሎ ነበር፣ አሁን ሞላ ማለት ይሆን ነበር። ጎዶሎ አልነበረም። ይህን ያን ቀን እንዲህ አድርጌ መናገር አልቻልሁም። አሁን እችላለሁ፤ አሁንም ያው ነው መልሴ።

የኖፓ መንገድ በክረምት መንገድ አይባልም። በቅሎዋ እስከ ጉልበቷ ትሰምጣለች፣ እኛ ከኋላዋ። ጉሬዛዎቹ እንኳን ዝናቡን ፈርተው ቅርንጫፍ ላይ ተኮራምተዋል። ብዙ ከሄድን በኋላ ጋሼ ለማ ሳይዞር ተናገረ።

«ደብል አልመታሽም።»

«መትቻለሁ።»

«ማን አለ?»

«የአንደኛው አባት።»

በቅሎዋን ገሠጻት።

ክረምቱን ስሠራ ከረምሁ። እሸት በቆሎ ጠብሼ ለልጆቹ ሳካፍል እንኳን ታህት ላዕል እያልሁ። በገበያ ቀን ሰው ጋሼ ለማን «ያቺ አርባ ስምንቷ እህትህ ደህና ናት?» ይለው ነበር። መጀመሪያ ይቆጣ ነበር። በኋላ ግን ወሬውን ራሱ ማውራት ጀመረ፤ ከአውሬ ጋር የታገልሁ ያህል አሳምሮ። አንድ ቀን ለእንግዳ ሲያወራ «ስልሳ ስምንት አመጣሁ አለቻቸው» ሲል ሰማሁትና ከጓዳ ወጣሁ።

«አርባ ስምንት ነው ጋሼ። ከሃምሳ ስድስት።»

መስቀል እንዳለፈ፣ ቡናው ገና ሳይቀላ፣ ማለዳ ተነሥቼ ልብሴን በነጠላዬ ቋጠርሁ። ጋሼ ለማ በረት አጠገብ ቆሞ አየኝ።

«ወዴት ነው?»

«ስድስተኛ ክፍል።»

ቡናውን አየ፣ እኔን አየ። «ሲቀላ ትመጫለሽ።»

«ቅዳሜና እሑድ።»

«ሂጂ በይ።»

መቱ ደርሼ በማግሥቱ ስድስተኛ ክፍል ገባሁና ተቀመጥሁ። ግርማ ከፊት ነበር፤ አየኝና ዕቃውን ሰብስቦ ጠጋ አለልኝ። ስድስተኛንም የሚያስተምረው ጋሼ ታደለ ስም ጠራ፤ የእኔ ስም የለበትም። ጠርቶ ሲጨርስ መዝገቡን ዘግቶ ማስተማር ጀመረ። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ ሆነ። ዲሬክተሩ በር ላይ መጣ።

«አስካለ፣ ክፍልሽ ይህ ነው?»

«ነው ጌታዬ።»

«ማን አስገባሽ?»

አልተነሣሁም። ጎትቶ ሊያወጣኝ ይችል ነበር። የሚጎተተው ግን ሃያ ዓመት የሞላት፣ ከተማው በቁጥር የሚጠራት ሴት ነበረች፤ በር ላይ ቆይቶ ሄደ። አንድ ሳምንት ይሁን ከዚያ በላይ፣ አንድ ቀን ጋሼ ታደለ ስም ጠርቶ ሊጨርስ ሲል ብዕሩን አወጣና ከታች የሆነ ነገር ጻፈ። ከዚያ ቀና ሳይል «አስካለ» አለ።

«አቤት» አልሁ።

አንደኛ ነሽ ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። አቶ ደበላ «በልጣዋለች» ያለው ይበቃኛል፤ እሱም ቢላዋ በእጁ ይዞ፣ ልጁን አስቦ ነው ያለው። በኋላ እኔም አስተማሪ ሆንሁና ብዙ ዓመት ማርክ ስሰጥ ኖርሁ። ከሥሩ ከስንት እንደሆነ ሳልጽፍ የሰጠሁት አንድ ቁጥር የለም።

ለሲፈን ይህን ሁሉ አልነገርኋትም። «አሥራ ሰባት ከሃያ፣ ሃያ ከሃያ አምስት» ብቻ አልኋት፤ ሌላውን ራሷ ታውቀዋለች። በማግሥቱ አምሽታ መጣች። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች።

«ለመምህሯ ነገርኳት» አለች።

«ምን አለችሽ?»

«‹አርፈሽ ተቀመጪ› አለችኝ።»

«ተቀመጥሽ?»

«አልተቀመጥኩም። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ቆሜ ቆየሁ።»

እኔ አልነሣም ብዬ ነበር፤ ይቺ ደግሞ አልቀመጥም አለች። ከሥር ያለው ቁጥር ግን አንድ መሰለኝ። እግሯ እንደደከማት አይቼ ነጩ አልጋ ልብስ ላይ አስቀመጥኋትና ጎደሬውን ላሞቅላት ወጥ ቤት ገባሁ።